ጭራ የሌላቸው አይጦችና የአባባ ጣቶች

ለወንድም ጋሼ ኖልዲ፤

ሰላምታዬን አስቀድሜ ኀፍረቴን ላስከትል ነበር ሐሳቤ። ኀፍረቱ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ ሰላምታውን አላሳልፍ አለኝ፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ላውጣ። ከአንድ ወር በፊት በገበያ መካከል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የጓዳ አይጥ ሻጭ» ተባልኩ። እኔ! የዮፒ ሩሜንጋን ልጅ! እስካሁን ያልጻፍኩልህ ከማፈሬ ነው። ይኸው ተናገርኩት፤ ትንሽ ቀለል አለኝ።

እንግዲህ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እዚያ ጃፓን የዓሣ ፋብሪካው ቅዝቃዜ ጣቶችህን እንዴት አደረጋቸው? ጥፍሮቼ ጠቆሩ ብለህ ከጻፍክ ወዲህ እኔ እንቅልፍ አጥቼ ስጨነቅ፣ አባባ «ዓሣ ሲነካ የሚውል እጅ ምን ሊሆን ኖሯል፣ ሊቀላ?» ብለው ሳቁብኝ። ሚስትህ ሳርቼስ እንዴት ናት? ወገቧ ተሻላት? ልጃችሁ ኬንጂ አፉን ፈታ ወይ? ደግሞስ በየትኛው ቋንቋ ፈታው? እኛ ክብር ለጌታ ይሁን፣ ደህና ነን። ደህና ስልህ ግን ፓስተራችን እንደሚለው ዓይነት ደህንነት አይደለም፤ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው። የአባባን ዓይን ሞራው ጨርሶ ሸፍኖታል፤ የሚታያቸው የበሩ ብርሃንና የሰው ጥላ ብቻ ነው። የላክህላቸውን መነጽር እሑድ እሑድ ያደርጉታል። ሲያደርጉት እኛ እናያቸዋለን፤ እጅግም ያምራሉ። እሳቸው ግን ምንም አያዩም።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ አይጠፋህም። የመንደሩ ስልክ አንድ ነው፤ እሱም በሹሙ በሄንግኪ ሳሎን፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። ሚስቱ ታንቴ ዴቼ ደግሞ ሰው ሲደውል ወለል መጥረግ ትጀምራለች። ያ ወለል እንደሱ ተጠርጎ እስካሁን አለማለቁ ይገርመኛል።

የገበያውን ነገር ልንገርህ። ለወጥ የምንሸጠው አይጥ በእሳት ተለብልቦ፣ ጸጉሩ ተፍቆ፣ በቀርከሃ ተሰክቶ ሲደረደር ጭራው እንደማይነካ ታውቃለህ። ገዢ ሲመጣ ፊቱን አያይም፣ ሆዱንም አያይም፤ ጭራውን አንስቶ ጫፉን ነው የሚፈልገው። ጫፉ ነጭ ከሆነ የዱር ነው፤ እስከ ጫፉ ጥቁር ከሆነ የጓዳ ነው፤ ያንን ደግሞ በአገራችን ውሻም አይገዛው። እኔ እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ የአሥራ ሁለት አይጦችን ጭራ ከሥሩ ቆርጬ ወጣሁ።

መጀመሪያ የመጣችው የሠርግ ወጥ ሠሪዋ ሊንቼ ናት። አንዱን አነሳች፣ ገለበጠች፣ ሌላውን አነሳች፣ ገለበጠች። «ማይስኬ፣ እነዚህ ልጆች ጭራቸውን የት ጥለው መጡ?» አለችኝ። «ወጥመዱ ቆረጠው» አልኳት። «የአሥራ ሁለቱንም?» «የአሥራ ሁለቱንም» አልኩ፤ ምን ልበል? «አንገት ይይዝ የነበረው የባልሽ ወጥመድ ዛሬ ጭራ ቆራጭ ሆነ በይኛ!» አለችና አንዱን ከነቀርከሃው ወደ ላይ ብድግ አድርጋ ጮኸች። «እናንተ ሰዎች፣ ኑ ጉድ እዩ! ይሄ የመጣው ከዱር ነው ወይስ ከማይስኬ አልጋ ሥር?» ጎኔ ያለው የአሳማ ሥጋ ሻጭ፣ ያ የማያፍር፣ «እስቲ አሽቱት፤ ሳሙና ሳሙና ካለ የቤት ነው!» አለ። ሳቁ ከዓሣ ተራ ድረስ ተሰማ። ሃያ ዓመት ከእኔ በቀር ከሌላ ገዝተው የማያውቁ ሴቶች ዓይናቸውን አሽሽተው ወደ ጎረቤቴ ሄዱ። አሥራ ሁለቱንም ይዤ ተመለስኩ። ለሦስት ቀን አይጥ በላን። በሦስተኛው ቀን ልጄ ስቲን «እማዬ፣ ዛሬ ጎመን ብንቀምስስ?» አለችኝ።

ለምን ቆረጥሽ ትለኛለህ። ከአሥራ ሁለቱ የሦስቱ ጭራ ነጩ ከጫፉ አልፎ እስከ ግማሹ ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለውን መያዝ ዘንድሮ ክልክል ነው፤ የደን ጥበቃ ሰዎች በየገበያው እየዞሩ ጭራ እያነሱ ያያሉ። ባሌ ሩዲ ወጥመዱን የዘረጋው ከክልከላው ሰሌዳ በታች ነበር። አይጡ ግን ሰሌዳ አያነብ፣ ወጥመዱም አያነብ። የሦስቱን ብቻ ብቆርጥ እነዚያው ሦስቱ ይጋለጣሉ ብዬ የሁሉንም ቆረጥኩ። ብልጠቴን ተመልከትልኝ! ከሕግ ሸሽቼ ከሰው አፍ ገባሁ።

ክልከላው እንዴት እንደመጣ አንተ ጫፉን ነው የምታውቀው። አንተ በሄድክ በወሩ ዶክተር ዊዳርቲ የምትባል የሙዚየም ሴት ከጃቫ መጣች፤ ቀጭን ናት፣ ሩዝ በሻይ ማንኪያ የምትበላ። አባባ ያኔ ዓይናቸው ደህና ስለነበር አርባ ቀን ሙሉ ተራራውን አዞሯት። በመጨረሻው ቀን የሰበሰበቻቸውን አይጦች ጠረጴዛችን ላይ ደርድራ ሳይንሱን አስረዳችን። እኛ ሩሜንጋን እንደምንባለው የእነዚህ አይጦችም የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ቡኖሚስ ይባላል። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ዝርያ፣ አንተ ኖልዲ እኔ ማይስኬ እንደምንባለው፣ የራሱ ስም አለው። አባባ በጥሞና ሰሙና «በዚህ በእኛ ተራራ የዚህ ቤተሰብ ልጆች ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁ። «አንድ ነው፣ ኦፓ» አለቻቸው፤ እሷም እንደ መንደሩ ልጅ አያቷ አደረገቻቸው። አባባ ሳቁ። «ልጄ፣ እናትየዋን አልጠየቅሻትም» አሏት።

ከዚያማ አፋቸው ተከፈተ። ከበሰበሰ ግንድ ሥር አፈር እየጫረ ትል የሚበላው፣ እግሩ ሰፊው አንድ ነው፤ «ትል ለቃሚ» ይሉታል። ከላይኛው ወንዝ ዳር፣ ሽበት በመሰለው ድንጋይ ላይ እንጉዳይ የሚበላው፣ ጭራው እስከ ግማሹ የነጣው ሌላ ነው፤ እሱን «ጠባብ እግር» ይሉታል። ሌሎቹ አዳኞች ተጠይቀው «አይጥ አይጥ ነው፤ ሲጠበስ አንድ ነው» ብለው ነበር። አባባ ግን የሚያውቁትን ነገር ሰው ሲያቃልልባቸው አይችሉም። ሴትየዋ ሄደች፤ ጥርሱንም የራስ ቅሉንም ስትለካ ሁለት ዓመት ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን በጂፕ መጣችና ደጃፋችን ላይ ቆማ «ኦፓ፣ ልክ ነበሩ። ሁለት ናቸው» አለች። አባባ ያን ቀን ዶሮ አሳረዱኝ።

ዶሮው አንጀታችን ሳይደርስ ሁለት ነገር መጣ። አንደኛው ዶክተሯ ስለ ሁለቱ አይጦች ያሳተመችው ጽሑፍ ነው። ሩዲ እየቆራረጠ አነበበልን፤ የአባባ ስም የለበትም። «በአንድ የአካባቢው አዳኝ ጥቆማ» ይላል፤ አለቀ። አባባ «አዳኝ መሆኔን አልካዱ» አሉ። ሁለተኛው ሰሌዳው ነው። ጠባብ እግር በዓለም ላይ ከእኛ ተራራ በቀር የለም ስለተባለ፣ ከወንዙ በላይ ወጥመድ መዘርጋት ተከለከለ። አንድ ተደርጎ ቢቀር ኖሮ ማንም አይነካንም ነበር። አባባ በጣታቸው ለዩት፣ መንግሥት በሰሌዳ ዘጋው፤ መንደሩ ደግሞ «የሩሜንጋን ምላስ ተራራችንን በላው» አለ።

እንግዲህ የምስጋና በዓል እየቀረበ ሲመጣ፣ ይልቁንም የእኔ የገበያ ቅሌት ከተሰማ በኋላ፣ ሹሙ ሄንግኪ ሰሌዳው ይነቀል ብሎ አቤቱታ አስገባ። የደን ቢሮውም ሸንጎ ይደረግ አለ፤ ሙዚየሙም ይምጣ፣ መጀመሪያ የጠቆሙት ሽማግሌም ይቅረቡ። ሽማግሌው ተሳስቼ ነበር ካሉ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፣ ሰሌዳውም እስከዚያው ይነቀላል። ሄንግኪ አንድ ጠርሙስ የዘንባባ አረቄ ይዞ ቤታችን መጣ። «ኦፓ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ወጣቱ ነው፣ አንዱ ሽማግሌው ነው ይበሉ። ሰው ሲያረጅ ጸጉሩ ይሸብታል፤ አይጥ ሲያረጅ ጭራው ይሸብታል» አላቸው። አባባ አሰቡበትና «ጭራው ይሸብት፤ እግሩስ ስለምን ይጠባል?» አሉት። «ይጠባል እንጂ! የእኔ እግር ካረጀሁ ወዲህ አልቀጠነም?» ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበላቸው። አባባ በእጃቸው ዳበሱትና «ያንተስ ከልጅነትህም እንዲሁ ነበር» አሉት። ሳቅን፤ አረቄውም ተጠጣ። ሲወጣ ግን ሄንግኪ አልሳቀም። «ኦፓ፣ የሰባ ቤተሰብ ጉሮሮ በእጅዎ ነው» ብሎ ሄደ።

እውነቱን ልንገርህ፤ አባባ ሊሉለት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ሰምቻቸዋለሁ፤ «ወጣቱና ሽማግሌው፣ ወጣቱና ሽማግሌው» እያሉ ሲለማመዱት ነበር። ከዚያ ረቡዕ ዕለት አንተ ደወልክ። እኔ ስለ ጤናቸው ብቻ የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር። «አባባ፣ የሚያውቁትን ይናገሩ፤ ሰው ፈርቶ አይኖርም» አልካቸው አሉ። አሉ የምልህ አባባ በከዘራ እየተደገፉ ቤት ሳይደርሱ ታንቴ ዴቼ ከቤት ቤት አድርሳው ስለነበር ነው። «ጃፓን ያለው ልጅ ሆዱ ሞልቷል፣ እኛን ግን እውነት ብሉ አለን» እያለች።

ወንድም ጋሼ፣ ልናገር ነውና አትቆጣ። ተራራችን ከባሕር ላይ ሲያዩት ሰማያዊ ነው፤ ለስላሳም ይመስላል። ሥሩ የሚኖር ሰው የሚያውቀው ግን እሾሁንና ድንጋዩን ነው። አንተ ያልከው ስህተት ነው አላልኩም። ግን ሦስት የምስጋና በዓል «ዘንድሮ እመጣለሁ» ብለህ የቀረህ ሰው ነህ፤ በስልክ አንድ ቃል ጥለህ ዘጋህ፣ ቃሉን የሚሸከሙት እዚህ ቀሩ።

ሸንጎው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። መቆሚያ እንኳ አልነበረም። ዶክተር ዊዳርቲ ጠፍጣፋ ሳጥን ከፈተች፤ ውስጡ ጥጥ የተሞሉ አሥራ ስምንት የአይጥ ቆዳዎች፣ እግራቸው እንኳ ሳይጎድል፣ እንደ ሰርዲን ተጋድመዋል። ሄንግኪ ተነሥቶ «የስም ወረቀታቸው ይፈታ፣ ጭራቸውም በጨርቅ ይሸፈን፤ ማንም በኦፓ ጆሮ እንዳያንሾካሹክ» አለ። የአባባ ዓይን እንደማያይ እያወቀ ነው። እንዲሳሳቱ ነው የፈለገው፤ ከተሳሳቱ ከመዋሸት ይሻላል፣ ለእሳቸውም ይሻላል ብሎ ይመስለኛል። ክፉ ሰው አይደለም።

አባባ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን አንስተው በጀርባው አስተኙና አውራ ጣታቸውን በኋላ እግሩ መዳፍ ላይ አሳለፉ። ወደ ግራ። ሁለተኛውን፤ ወደ ግራ። ሦስተኛውን፤ ወደ ቀኝ። ሄንግኪ «ኦፓ ደከመዎት መሰለኝ፤ ያው ሁሉም አንድ ነው አይደል?» ሲል፣ አባባ ቀና ሳይሉ «ሄንግኪ ዝም በል፤ ጣቴ እየሰማ ነው» አሉት። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ማጅራታቸው ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ወጣቱና ሽማግሌው የሚለውን ነገር እስከ መጨረሻው ይሉታል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ እንዲሉትም ስጸልይ ነበር፤ ይህን ለፓስተሩ አልነገርኩም።

አሥራ አንደኛው ላይ ቆሙ። ዳበሱት፣ አፍንጫቸው ላይ አደረጉት፣ እንደገና ዳበሱት። «ውኃ» አሉ። አመጣሁላቸው፤ ጣታቸውን ታጠቡ፣ በሸሚዛቸው አደረቁ፣ ሦስተኛ ጊዜ ዳበሱት። ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይሆን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ዶክተሯ «እሱስ፣ ኦፓ?» አለች። «ይሄ ሦስተኛው ነው» አሉ።

ወንድም ጋሼ፣ አዳራሹ በራሱ ሜዳ ጎል እንደገባበት ቡድን «ወይኔ!» አለ። ከኋላ አንዱ «ጌታ ሆይ፣ አፋቸውን ዝጋልን፤ አሁን አራተኛውን ሊወልዱ ነው!» ብሎ ጮኸ። አባባ ግን የሰዉን ሳቅም ቁጣም አልሰሙ። «ይሄ ዱዳው ነው። ሌሎቹ ወጥመድ ሲይዛቸው ይጮሃሉ፤ እሱ አይጮህም። ተረከዙ ላይ ያለችውን ትንሿን ጉብታ ፈልጊ፤ የለችውም» አሏት። ዶክተሯ አጉሊ መነጽር አውጥታ ፈለገች። ለረጅም ጊዜ ፈለገች። የስም ወረቀቱን አምጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ከእኛው ታችኛው ተዳፋት የተያዘ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን የሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ከትል ለቃሚዎቹ ጋር ተደባልቆ ተኝቷል። ስንት ምሁር ከፍቶ አይቶት ዘግቶታል። አባባ የቀሩትን ሲጨርሱ ደግሞ አሥራ ሰባቱን አንድም ሳይሳሳቱ ለይተዋል። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ግንባሯን የአባባ እጅ ላይ አሳረፈች። ሰው ሁሉ እየተነሣ ወጣ።

የደን ቢሮው ኃላፊ ለመሄድ መኪናው ውስጥ ገብቶ እያለ ነው ውሳኔውን የተናገረው። ሦስተኛው የተያዘው ከታችኛው ተዳፋት ከሆነ፣ ነገሩ እስኪጣራ ታችኛውም ይዘጋ። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት ሰሌዳ ልንነቅል ገብተን ሁለት ሰሌዳ ይዘን ወጣን።

በማግሥቱ የእኛ ተራ ነበር፤ የበቆሎ ማሳችን በደቦ የሚታረስበት ቀን። እናታችን ከሞተች ወዲህ ከእኛ የጎደለ የደቦ ቀን እንደሌለ ታውቃለህ፤ አባባ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ማሳው ዳር ተቀምጠው ዶማ ይስሉ ነበር። ንጋት ላይ ከበሮው ሲመጣ ሰማን። ሩዲ ዶማውን ይዞ በር ላይ ቆመ፣ እኔ ለሠላሳ ሰው ሩዝ ጥጄ ነበር። ከበሮው ቀረበ፣ ደጃፋችን ደረሰ፣ አለፈ። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልሰደበንም፤ እንዲሁ እየመቱ አለፉ። አባባ እስከ መታጠፊያው ድረስ በጆሯቸው ሸኟቸው። ሩዙን ለጎረቤት እንዳልሰጥ ጎረቤቱ ከበሮው ጋር ነው። እስኪሻግት ተቀመጠ። ታንቴ ዴቼ ውኃ ስቀዳ አግኝታኝ «እንኳን ደስ አላችሁ! ሦስት ወለዳችሁ አይደል?» አለችኝ። እንስራዬን አንስቼ ሄድኩ።

በዚያ ቀን ቁጣዬ ገነፈለ። አባባ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ምን ነበረበት ዝም ቢሉ? ሁለቱንስ እሺ፤ ሦስተኛውን ማን ጠየቀዎት? ማን?» አልኳቸው። አባትን እንደዚያ መናገር ነውር ነው፤ ተናገርኩ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው «ማይስኬ፣ ዱዳውን ለመጨረሻ ጊዜ የያዝኩት መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ለእናትሽ ቀብር ድግስ ነው። ለለቀስተኛው ሥጋ አንሶ ታችኛውን ተዳፋት ሌሊቱን ሙሉ ስዞር አደርኩ፤ ከመቶ አይጥ በላይ አመጣሁ። ከውስጡ አራቱ ዱዳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ ጣቴ አልነካውም። ወንድምሽም በላ፣ አንቺም በላሽ፣ እኔም በላሁ። ሄንግኪ ሁለቴ ነው የጨመረው።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና «ስም ሳይኖረው ካለቀ፣ አለቀ የሚል ሰው ማን ይኖራል?» አሉ።

መንደሩ እንግዲህ ተዳፋቱ የተዘጋበት ምናልባት በሌለ አይጥ ነው። አባባ ይህን እያወቁ ተናገሩ። ይህን ያወቅነው ሁለታችን ነን፤ አሁን አንተ ሦስተኛ ሆንክ። ለሳርቼ ንገራት፤ ሳርቼ ግን ለእናቷ እንዳትጽፍ አደራ፤ እናቷና ታንቴ ዴቼ ጉሮሮና ምላስ ናቸው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዶክተሯ ከመሄዷ በፊት አሥራ ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን ትታልናለች፤ አይጡን ሳይገድል ከነሕይወቱ የሚይዝ ነው። ለአንድ ወር ታችኛው ተዳፋት ላይ ይቀመጣሉ፤ ቦታውን የሚመርጡት አባባ፣ በየጠዋቱ ወጥቼ የምከፍተው እኔ ነኝ። ዱዳው ከተገኘ ተዳፋቱ ለዘለዓለሙ ይዘጋል። በወሩ ውስጥ ካልተገኘ ይከፈታል። ሩዲ እግሩን ታሞ ስለተኛ አብሮኝ የሚወጣ የለም፤ ብቻዬን ነኝ።

ሄንግኪ ይህን ሲሰማ ወደ አባባ አልመጣም፤ ወደ እኔ ነው የመጣው። ልብስ ሳሰጣ አጥሩን ተደግፎ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ስቲን ትምህርት ጠየቀ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማይስኬ፣ ሳጥን ከፋቿ አንቺ ነሽ አሉ። አይጥ እግር አለው፤ በር ከተከፈተለት ይሄዳል፣ አያመሰግንም፣ አይናገርም። እንደዚያ ከሆነ የሚቀጥለው ደቦ መንገዱን አይስትም» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። አለመመለሴን እንደ እሺታ ቆጥሮት የሄደ መሰለኝ። እኔም ምን ብዬ እንደቆጠርኩት አላውቅም።

አባባ በበኩላቸው ሌላ ሥራ ይዘዋል። ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ትል ለቃሚ እቤት አስመጥተውኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የኋላ እግሩን እንድዳብስ አደረጉኝ። «ስንት ጉብታ ነው?» ይሉኛል። «አምስት» እላለሁ። «ስድስት ነው፤ ጣትሽ ደንቁሯል» ይሉኛል። በመጀመሪያው ቀን አልገባኝም፤ በሁለተኛውም። በአራተኛው ቀን ግን ስድስተኛዋ፣ ከተረከዙ ላይ ያለችው፣ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ጣቴ ላይ መጣች። ደነገጥኩ። አባባ ፊቴን ሳያዩ «አገኘሻት» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አላወቅኩም፣ አልለየሁም» ማለት አልችልም። እንዲህ እንዳልል አስበው ያስተማሩኝ ይመስለኛል፤ ግን አልጠየቅኳቸውም።

እስካሁን አሥራ አንድ ጠዋት ወጥቻለሁ። ትል ለቃሚ ነው፣ ትል ለቃሚ ነው፤ አንድ ቀን እባብ፤ አንድ ቀን የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጫማ፣ ልጆች ለሳቅ የከተቱት። ዛሬ ጠዋት ግን ሰባተኛው ሳጥን በሩ ሳይዘጋ ማጥመጃው ምግብ ተበልቶ፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ጥቂት ጸጉር ቀርቶ አገኘሁ። በቅጠል ጠቅልዬ ለአባባ አመጣሁላቸው። በሁለት ጣታቸው መካከል አሻሹት። ብቻ «ሌሎቹንም ሳጥኖች ወደዚያው ውሰጂያቸው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ወጥቼ አሥራ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። በመንገዴ ሄንግኪን አገኘሁት፤ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ። ባርኔጣውን አንስቶልኝ አያውቅም።

እንግዲህ ለሳርቼ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ወገቧን በዝንጅብል ትታሽ። ኬንጂን ጉንጩን ሳምልኝ፤ አክስት አለችህ በለው፣ የት ናት ካለህ ካርታ ላይ አሳየው። አብረውህ ለሚሠሩት ለአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላም በላቸው፤ ስለ አይጡ ግን አትንገራቸው። ስቲን እጅህን ትስማለች፤ ከጃፓን የላክኸውን ጃኬት አሁን እሷ ናት የምትለብሰው። ሩዲ ከነታመመ እግሩ ሰላም ይልሃል። አባባ «ለኖልዲ ምን ልበልልዎት?» ብላቸው ብዙ አሰቡና «ጥፍሩን በሎሚ ይሽ በይው» አሉ። አላዘኑብህም፤ ያዘንኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ይለቀኛል።

ነገ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁትን እጽፍልሃለሁ፤ ለሄንግኪ የነገርኩትንም እጽፍልሃለሁ። ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉና፣ ያን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ ክፈተው።

እህትህ ማይስኬ

ራኖሌም መንደር፣ ሚናሃሳ
ጁላይ 14 ቀን 1999